ሾተላይ ብለን የቀበርናቸው ወንዶች ልጆች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ስለ ሾተላይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሥራ ቦታዬ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። የእናት የደም ዓይነት አርኤች ኔጋቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የእናት ሰውነት የፅንሱን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንደሚያጠቃ በግልጽ ተጽፏል። በ28ኛው ሳምንት፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው መርፌ ቀጣዩን ልጅ እንዴት እንደሚያድንም ተብራርቷል። አንብቤ ስጨርስ ግን ጋዜጣውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና ዝም ብዬ ቆየሁ። በእኛ ቤት ሾተላይ የተባለው ነገር እሱ አልነበረም።

እኔ ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግኩ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ 14 ዓመት ሆነኝ። እናቴ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ወልዳለች። ከወንዶቹ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሁለቱ ታላላቆቼ ሲወለዱ ምንም አልነበራቸውም። ጠብተዋል፣ ወፍረዋል፣ ሰው እያዩ ስቀዋል። የመጀመሪያው በ11 ወሩ፣ ሁለተኛው ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በትኩሳትና በሳል ሞቱ። ሰፈሩ "ሾተላይ አለባት" አለ። እናቴም አመነች።

እኔ ስወለድ አንገቴ ላይ ክታብ ታሰረልኝ። ቀሚስ ለበስኩ። እስከ ሦስት ዓመቴ "አንቺ" እየተባልኩ አደግኩ። ወንድ መሆኔን ሾተላይ እንዳያውቅብኝ ነው። አሁን ሳስበው አንድ ነገር ይቆጨኛል። እነዚያ የሰፈር ሴቶች ወንድ ወንዱ ተለይቶ እንደሚሞት አይተው ነበር። በትክክል አይተዋል። ያዩትን ነገር ቁጭ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።

ነገሩ በእህቴ ልጅ ተመልሶ መጣ። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በ2009 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ስሙን አልጽፍም፣ ነገ አድጎ የራሱን ታሪክ ራሱ ይናገር። እስከ ስድስት ወሩ አንድም ቀን አላሳሰበንም። ሰባተኛው ወር ላይ ጆሮው መግል አመጣ። መድኃኒት ወሰደ፣ ዳነ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና። ከዚያ የሳንባ ምች። ከዚያ ሌላኛው ጆሮ። ከዚያ ደግሞ የሳንባ ምች፣ ያውም ተኝቶ በመርፌ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ኤች አይ ቪ ነበር። ተመረመረ፣ ነጻ ሆነ። ሁላችንም እልል አልን። ጥያቄውም እዚያው ተዘጋ። ቀጥሎ ሳሉ አልለቅ ሲለው የቲቢ መድኃኒት ጀመረ። ስድስት ወር ሙሉ ሳያቋርጥ ወሰደ። ሳሉ ግን አልሄደም። በመሐል ዘመዶች ተሰብስበው "ይሄ እንጥል ነው" አሉና አንድ አዋቂ ዘንድ ወስደው እንጥሉን አስቆረጡት። ማታ ከሥራ ስመለስ ነው የሰማሁት። በሦስተኛው ቀን ሰውነቱ እሳት ሆነ። ያን ጊዜ አሥር ቀን ሆስፒታል ተኝቷል።

በ2012 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እህቴ ጥቁር ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛ ፋርማሲ መጣች። "ወንድምዓለም፣ አንተ እንኳ አንብበው" አለችኝ። ማዘዣ ነው፣ የላብራቶሪ ውጤት ነው፣ የኤክስሬይ ፖስታ ነው። ማታ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ባንኮኒው ላይ በቀን በቀኑ ደረደርኩት። አንዳንዱ ላይ ዘይት ፈሶበታል። አንዱ ጀርባ ላይ እህቴ የዕቁብ ሒሳብ ጽፋበታለች። የሳንባ ምች 5 ጊዜ። የጆሮ መግል 9 ጊዜ። አሞክሳሲሊን ሽሮፕ 14 ጠርሙስ። አውግመንቲን 6። የሴፍትሪያክሶን መርፌውን መቁጠር ተውኩት። ከማዘዣዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ የእኔ ፊርማ አለ። መድኃኒቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። "በየ8 ሰዓቱ፣ ሳይቋረጥ" እያልኩ የመከርኩትም እኔ ነኝ።

ማንንም ልወቅስ አይደለም። ያዩት ሐኪሞች ሁሉ በዕለቱ የታመመውን በትክክል አክመዋል። ጆሮ ያየው ጆሮውን አከመ፣ ሳንባ ያየው ሳንባውን አከመ። ክምሩን ግን ያየ ሰው የለም። ክምሩ የነበረው እህቴ ቤት፣ አልጋ ሥር፣ ፌስታል ውስጥ ነው።

ፌስታሉን ይዘን አንዲት ወጣት የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሄድን። እናቴም አብራን መጣች። ዶክተሯ ወረቀቱን አንድ በአንድ ገለጠች። ከዚያ የልጁን አፍ አስከፍታ በባትሪ አየች። ባትሪውን አዙራ እንደገና አየች።

"ቶንሲሉን አስወጥታችኋል?" አለች።

እህቴ ደነገጠች። "ኧረ በፍጹም። እንጥሉን ነው ያስቆረጥነው።"

"እንጥሉንማ አየሁት። እኔ የምለው ቶንሲሉን ነው። ይሄን ያህል የታመመ ልጅ ቶንሲሉ አብጦ ነበር ማየት የነበረብኝ። የዚህ ልጅ ግን ከነጭራሹ የለም።"

ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። "እማማ፣ እርስዎ ስንት ልጅ ወለዱ?"

"ሁለት አሉኝ፣ ልጄ።"

"የሞቱብዎትስ?"

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። "ሁለት። ወንዶች።"

"ወንድምስ ነበረዎት?"

"አንድ ነበረኝ። በሕፃንነቱ ነው የሞተው፤ እኔም አላስታውሰውም።"

ዶክተሯ ባዶ ወረቀት ላይ የቤተሰባችንን ሐረግ ሣለች። ለሴት ክብ፣ ለወንድ አራት ማዕዘን። የሞቱትን ሦስት ወንዶች በእስክሪብቶ ሞልታ አጠቆረቻቸው። ከታች ያለውን የእህቴን ልጅ ደግሞ ግማሹን። እኔ ነጩ አራት ማዕዘን ነበርኩ። የአጎቴን መኖር ያን ቀን ነው ያወቅኩት። እኛ ጎንደሬዎች ለጋብቻ ሲሆን እስከ ሰባት ቤት ዘር እንቆጥራለን። ሽማግሌ ተሰብስቦ ቅድመ አያትን ከነወንድሙ ያነሣል። ለሐኪም ግን ሁለት ትውልድ ላይ የሞቱ ወንዶችን የሚቆጥር ጠፍቶ 40 ዓመት አለፈ።

የልጁ ደም ወደ አዲስ አበባ ተላከ። የበሽታ ተከላካይ ፕሮቲኖቹ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን ወይም ፀረ እንግዳ አካል የሚባሉት፣ ሲለኩ የሉም በሚባል ደረጃ ሆነው ተገኙ። እነሱን የሚሠሩት ቢ ሴሎች የሚባሉት የደም ሴሎችም እንዲሁ። ቶንሲሉ ያልታየው በቢ ሴሎቹ እጦት ነው።

ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል መሥራት የማይችልበት ይህ በዘር የሚተላለፍ በሽታ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ኦግደን ብሩተን የሚባል አሜሪካዊ ወታደራዊ ሐኪም ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው። እሱ ያክመው የነበረው ታካሚ በኒሞኮከስ ባክቴሪያ ደጋግሞ የሚታመም የ8 ዓመት ወንድ ልጅ ነበር። ደሙ ሲመረመር ጋማ ግሎቡሊን የሚባለው፣ ፀረ እንግዳ አካል ያለበት ክፍል ጠፋ። ሐኪሙም የጎደለውን ከሌሎች ሰዎች ደም ተጣርቶ የተዘጋጀውን በየወሩ ይወጋው ጀመር፤ ልጁም ተሻለው። መንስኤው ቢቲኬ የሚባል ዘረመል ላይ ያለ ስህተት መሆኑ የታወቀው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ዘረመሉ ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል። ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እናት ራሷ ሳትታመም ለወንድ ልጇ ታስተላልፋለች። ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። እኔ የተረፍኩት በቀሚሱ አይደለም።

ታዲያ ልጁ ለምን ስድስት ወር ጤነኛ ሆነ? ይህን ለእህቴ ያስረዳኋት በስንቅ ነው። እናት ልጇን ስትወልድ ስንቅ ቋጥራ ነው የምትልከው። የራሷን ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጅ በኩል ታሳልፍለታለች። ሌላው ሕፃን ስንቁ ሳያልቅበት የራሱን ማዘጋጀት ይጀምራል። የእኛ ልጅ ግን ማዘጋጃው የለውም። በግማሽ ዓመቱ ስንቁ አለቀ። ከዚያ በኋላ እንደ ኒሞኮከስና ሄሞፊለስ ያሉት፣ ዙሪያቸውን በሽፋን የተከለሉት ባክቴሪያዎች፣ ከልካይ የላቸውም። ሽፋናቸውን አልፎ የሚያስይዛቸው ፀረ እንግዳ አካል ነውና።

ጋዜጣችሁ ከጻፈው ሾተላይ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በአርኤች ምክንያት የሚጎዳ ልጅ ገና ማህፀን ውስጥ ወይም በተወለደ በጥቂት ቀናት ነው የሚጎዳው። ሴት ወንድም አይለይም። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ ጉዳቱ የሚበረታው በተከታዮቹ ላይ ነው። የእኛ ግን ልጁ ጤነኛ ሆኖ ተወልዶ፣ ደህና አድጎ፣ ከስድስት ወር በኋላ የሚጀምር ነው። የመጀመሪያውንም ልጅ አይምርም። የሚሞቱት ደግሞ በእናት በኩል ያሉ ወንዶች ናቸው። ሁለቱንም "ሾተላይ" ብለን በአንድ ስም ስለጠራናቸው ሁለተኛው ተሸፍኖ ቀረ።

በዘር የሚመጡ የበሽታ መከላከል ጉድለቶች ከ450 በላይ ዓይነት ናቸው። ሴት ልጆችን የሚይዙም አሉ። አንዱን ብቻ ላንሣ፣ ምክንያቱም መደርደሪያዬን ይመለከታል። ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያውን ውጠው መግደል የሚያቅታቸው ዓይነት አለ። እነዚህ ልጆች ጉበታቸው፣ ንፍፊታቸው፣ ቆዳቸው ደጋግሞ መግል ይቋጥራል፤ ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ በሚባለው ባክቴሪያ። ለእነሱ በየቀኑ የሚወሰድ ኮትሪሞክሳዞል ብዙውን ኢንፌክሽን ይከላከላል። ኮትሪሞክሳዞልን የማያውቅ ፋርማሲ የለም፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ቁም ነገሩ በሽታው ተለይቶ ሐኪም ማዘዙ ነው። እንዲህ ዓይነት ልጅ ሲወለድ በሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ብብቱ ሥር አብጦ ለወራት መግል ሊያወጣ ይችላል። ይህን ያነበበች እናት ግን አደራ ክትባት እንዳትፈራ። ቢሲጂ የብዙ ሺህ ሕፃናትን ሕይወት ከከባድ ቲቢ ያተርፋል። የክትባቱ ቦታ አልድን ካለ ለሐኪም ማሳየት ነው። ወንድሞቹ በዚህ ዓይነት በሽታ የሞቱ ሕፃን ካለ ደግሞ ከመከተቡ በፊት ለባለሙያው መንገር ይገባል፣ ቢሲጂና በአፍ የሚሰጠው ፖሊዮ ሕያው ተሕዋስያን ናቸውና።

አሁን ልጁ 8 ዓመቱ ነው። በየአራት ሳምንቱ ኢሚዩኖግሎቡሊን በደም ሥር ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ከሺዎች ለጋሾች ፕላዝማ ተሰብስቦ፣ ተጣርቶ የሚሠራ ነው። መጠኑ በኪሎው ይሰላል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ መሆንም የለበትም። ከአዲስ አበባ ሰው ይዞት ሲመጣ አዘዞ ኤርፖርት በባጃጅ ሄጄ እቀበላለሁ። በክትባት መያዣ ሣጥን ነው የሚመጣው። ክዳኑን ከፍቼ መጀመሪያ የምነካው ጠርሙሱን ነው፤ ቀዝቅዞ እንደሆነ፣ ደግሞ እንዳልረጋ። ጠርሙሱ አይናጥም፣ አረፋ ይይዛል። አንድ ቀን ባጃጁ ጉድጓድ ገብቶ ትንሽ ተናጠ። ልጁ አረፋውን አይቶ "አጎቴ፣ ጠላ መሰለ" አለኝ። አረፋው እስኪተኛ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ሁለታችንም አየነው። ከዚያ ነርሷ በቀስታ ጀመረችለት። ከጠዋት እስከ ከሰዓት ይፈጃል። እሱ ያን ጊዜ የቤት ሥራውን ይሠራል።

መድኃኒቱ ከጀመረ ወዲህ ሆስፒታል የተኛው አንድ ጊዜ ነው። እሱም መንገድ ተዘግቶ መድኃኒቱ ሰባት ሳምንት የዘገየ ጊዜ ነው። በደም ውስጥ ያለው በሦስት ሳምንት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በስድስተኛው ሳምንት ጆሮው እንደ ድሮው መግል አመጣ። ዘግይተን የደረስንበት ዋጋ ደግሞ አለ። ግራ ጆሮው በደንብ አይሰማም፣ ክፍል ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ከሳንባው የታችኛው ክፍል አንዱ ጎን ተጎድቷል፣ ያ አይመለስም። በሁለት ዓመቱ ደርሰንበት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ላይኖሩ ይችሉ ነበር። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ሌላም ሸክም አለ። እህቴ ቡና ላይ "የበሽታ መከላከል አቅሙ ደካማ ነው ተባለ" ብላ ለጎረቤት ተናገረች። በማግስቱ ልጆች ወደ ግቢው መምጣት አቆሙ። በእኛ አገር ይህ ቃል ከኤች አይ ቪ ጋር ተጣብቋል። ኤች አይ ቪ ቢሆንስ ኖሮ ልጅ ከልጅ ጋር እንዳይጫወት ምን ያስከለክላል? ያም ሆኖ የእኛ ልጅ የያዘው በዘር እንጂ ከማንም አልተጋባበትም፣ ለማንም አያጋባም። እህቴ ቤት ለቤት ዞራ አስረዳች። አንዷ ጎረቤት አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሁለቱ አሁንም አይመጡም።

የአንድ ጊዜው መድኃኒት ከወር ደመወዜ ይበልጣል። ዘመድ ያዋጣል፣ ውጭ ያለች የአክስታችን ልጅ ትልካለች፣ አንድ ሁለት ጊዜ ዕድሩ ደርሶልናል። ኢሚዩኖግሎቡሊን የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው፣ የሕፃናቱም ዝርዝር ውስጥ አለ። ቅንጦት አይደለም ማለት ነው። መድኃኒት የሚገዙና የሚያከፋፍሉ አካላት በትንሹም ቢሆን በቋሚነት እንዲያስገቡት፣ እንደ ጎንደር ላሉ ከተሞችም እንዲደርስ እለምናለሁ። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናት። ትውልድ ሙሉ የጤና ባለሙያ ያሠለጠነች ከተማ ይህን ጥያቄ ብታነሣ ያምርባታል።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ ሾተላይ የጻፋችሁትን ቀጥሉበት። የሕፃናት ሐኪሞችን አነጋግሩ። በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች፣ ወይም አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የጆሮ ኢንፌክሽን የያዘው፣ ሁለት ወር ፀረ ባክቴሪያ ወስዶ ያልተሻለው፣ ክብደት አልጨምር ያለ፣ ጥልቅ የሆነ መግል ደጋግሞ የሚቋጥር ልጅ ያላት እናት ምን ብላ መጠየቅ እንዳለባት ጻፉላት። እናቶች ወረቀታቸውን እንዳይጥሉ ንገሩልኝ። ዘይት የፈሰሰበትም ቢሆን ይያዙት።

የሙያ ጓደኞቼን ደግሞ እዚሁ ላስቸግራቸው። ሐኪሙ ልጁን የሚያየው ለደቂቃዎች ነው፣ ያውም በየጊዜው ሌላ ሐኪም ነው። ሰፈር ውስጥ ያለነው እኛ ነን። ያቺ እናት ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ መልኳን እናውቀዋለን። እኔ ከጥቅምት ወዲህ ባንኮኒው ሥር አንድ ደብተር አስቀምጫለሁ። ለአንድ ልጅ በዓመት ሦስተኛ ማዘዣ ሲመጣ እናቱን ወደ ጥግ ጠርቼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ በፊት ምን ምን እንደታመመ፣ በእሷ በኩል በልጅነቱ የሞተ ወንድ እንዳለ። እስካሁን አራት እናቶችን ወደ ሕፃናት ሐኪም ልኬአለሁ። አንደኛዋ ከአዘዞ ነው የመጣችው። ሁለት ወንድሞች በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። የልጇ ውጤት ገና አልመጣም።

አክባሪያችሁ፣
የልጁ አጎት
ከጎንደር